ደግ ጌታ ወይስ ሕግ? የስታያል መንደር ታሪክ

ከማንቸስተር አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ስታያል የምትባል ትንሽ የእንግሊዝ መንደር አለች። የጡብ ቤቶቿ፣ ትምህርት ቤቷና የጸሎት ቤቷ ዛሬም አሉ። ወረድ ሲሉ በቦሊን ወንዝ ዳር ኳሪ ባንክ የተባለው ትልቅ የጥጥ ፋብሪካ ቆሟል። ዛሬ ቱሪስት የሚጎበኘው ቅርስ ነው።

ፋብሪካውን በ1784 (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያቋቋመው የቤልፋስት ተወላጁ ሳሙኤል ግሬግ ነው። ቦታውን የመረጠው ለወንዙ ሲል ነበር፤ የመፍተያ ማሽኖቹ የሚሠሩት በውሃ ኃይል ነውና። ችግሩ በአካባቢው በቂ ሠራተኛ አለመኖሩ ነበር። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ሕፃናት ሆኑ።

በዚያ ዘመን ወላጅ የሌላቸውና የድሃ ልጆች በየአጥቢያው መጠለያ ይሰበሰቡ ነበር። አጥቢያዎቹ ወጪውን ለመቀነስ ልጆቹን በውል ለፋብሪካ ያስረክባሉ። ልጁ ለዓመታት ይሠራል፤ በምላሹ ምግብ፣ ልብስና መኝታ ያገኛል። ግሬግ በ1790 ማደሪያ ሠራላቸው። ወደ 90 የሚጠጉ ልጆች ይኖሩበት ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ግሬግ ከዘመኑ ባለፋብሪካዎች ጋር ሲወዳደር ደግ ነበር። ለልጆቹ ሐኪም ቀጥሯል። ባለቤቱ ሃናም ለትምህርታቸው ታስብ ነበር። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው በካሪቢያን ደሴት ዶሚኒካ በባርነት የተያዙ ሰዎች የሚሠሩበት እርሻ ነበረው። እንግሊዝ ውስጥ ይፈተል ከነበረው ጥጥም አብዛኛው በአሜሪካ ባሮች የተለቀመ ነበር።

በ1806 ቶማስ ፕሪስትሊ የተባለ የ13 ዓመት ልጅና የ17 ዓመቱ ጆሴፍ ሴፍተን ከፋብሪካው ጠፍተው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው ለንደን ሄዱ። ቶማስ አንድ ጣቱን ማሽን ቆርጦታል። ዳኞች ፊት ሲቀርቡ የሰጡት ቃል ተመዝግቦ ቆይቷል። ልጆቹ ስለ ድብደባ ወይም ስለ ረሃብ አላማረሩም። ቶማስ የጠፋው እናቱ ናፍቃው ነው። ጆሴፍ ደግሞ ይበልጥ መማር እንደሚፈልግ፣ ግን እንዳልተፈቀደለት ተናገረ።

የስታያል ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ልጆቹ ገንፎም ሐኪምም ነበራቸው። እናታቸውን ለማየት ግን መጥፋት ነበረባቸው። የጌታው ደግነት ምግቡን አሻሽሎላቸው ይሆናል፤ «አልሠራም፣ እሄዳለሁ» የማለት መብት ግን አልሰጣቸውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። የሠራተኛ ሰዓት በሕግ ይገደብ የሚለው ንቅናቄ ሲበረታ፣ የሳሙኤል ልጅ ሮበርት ሃይድ ግሬግ በ1837 የአሥር ሰዓቱን ረቂቅ የሚቃወም ጽሑፍ አሳተመ። በደግነቱ የታወቀው ቤተሰብ ደግነቱ ወደ ሕግ እንዲለወጥ አልፈለገም። ያም ሆኖ በ1847 የሴቶችና የወጣቶችን የሥራ ቀን በአሥር ሰዓት የወሰነው ሕግ ጸደቀ። በስታያል የልጆች ውል የቀረውም በዚሁ ዓመት ነው።

ቤተሰቡ በ1939 ቅርሱን ናሽናል ትረስት ለተባለው ድርጅት አስረከበ። ጎብኚዎች የልጆቹን ማደሪያ ሲያዩ ብዙ ጊዜ «ለዘመኑ ጥሩ ነበር» ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ግን ያንን ዘመን ያስቆመው የግሬግ ደግነት ሳይሆን የግሬግ ልጅ የተቃወመው ሕግ ነው።