ኦቨርሎክ ወይስ መዘምዘሚያ?

ለልጇ የለሃጭ መቀበያና መታቀፊያ ቤቷ መስፋት የጀመረች ጎረቤቴ፣ «ኦቨርሎክ ማለት ቁልፍ የሚተክለው ነው?» አለችኝ። በእንግሊዝኛ መቆለፍ ማለት የሆነው «ሎክ» ነው ያሳሳታት። ማሽኑ ቁልፍ አይተክልም፤ የጨርቁን ዳር በቢላው እየከረከመ፣ ብዙ ጊዜ በሦስት ወይም በአራት ክር ይጠቀልለዋል። በ1881 እ.ኤ.አ. ኮኔክቲከት ውስጥ ከሜሮው ቤተሰብ ሹራብ ፋብሪካ የወጣ ነው፤ አሜሪካኖች «ሰርጀር» ይሉታል። እኛ ደግሞ የጨርቅ ዳር እንዳይተረተር በመርፌ ሲያያዝ «ተዘመዘመ» እንላለን። ታዲያ «መዘምዘሚያ» ብንለውስ? ቢላውን አይጠቁምም ትሉኝ ይሆናል፤ ኦቨርሎክስ መች ጠቆመ? እኔ «ባለቢላ መዘምዘሚያ» ብዬላታለሁ፤ ስፒል ሳይነቀል ከገባ ቢላው እንደሚሸረፍ ጀማሪ ቶሎ ይገባዋል።