ኦፒዮይድ ለሥር ሰደድ ሕመም

ኦፒዮይድ ሞርፊን፣ ኮዴይንና ትራማዶልን የሚያካትት የሕመም ማስታገሻ ወገን ነው። ከካንሰር ላልመጣና ከ3 ወር በላይ ለዘለቀ ሕመም ቀዳሚ ምርጫ አይደለም።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር ዕድሜውን ሙሉ እርፍ የጨበጠ ገበሬ ወገቡን ሲያመው እንቅስቃሴና ኢቡፕሮፌን ይቀድማሉ። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የዝሆኔ (የእግር እብጠት) ሕመምም መጀመሪያ የሚፈልገው በሳሙና መታጠብ፣ ቅባትና ጫማ ነው።

ትራማዶል ግድ ከሆነ በ50 ሚሊግራም ይጀመራል፤ ለአዋቂ በቀን ከ400፣ ከ75 ዓመት በላይ ለሆኑ ከ300 ሚሊግራም አያልፍም። ኩላሊቱ ለደከመ መጠኑ ይቀነሳል፤ የሚጥል በሽታ ላለበት አደገኛ ነው።

ኦፒዮይድ ከአረቄ ወይም ከማረጋጊያው መድኃኒት ከዲያዜፓም ጋር ሲወሰድ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ «በቀን ስንት መለኪያ ይጠጣሉ?» ብሎ ሳያፍር መጠየቅ አለበት። ለሳምንታት የወሰደ ሰውም በድንገት አያቋርጥም፤ መጠኑ ቀስ በቀስ ይወርዳል።