ከጊዮን ክበብ የተረፈው ድምፅ

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ወደ ቦሌ የሚዘልቀውን ጎዳና የሚያውቅ ሁሉ በመነሻው አጠገብ ያለውን ጊዮን ሆቴልን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1978፣ አደባባዩ የአብዮት አደባባይ በሚባልበት ዘመን፣ የኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያና ዳህላክ ባንድ በዚህ ሆቴል የምሽት ክበብ ውስጥ «ወደ ሐረር ጉዞ» የተሰኘውን የመሣሪያ ሙዚቃ በቴፕ ቀረጹ። ቀረጻው የተካሄደው ከሰዓት በኋላ፣ የማታው እንግዳ ከመግባቱ በፊት ነበር። ጭብጨባ ባይሰማበትም ክበቡ ራሱ በድምፁ ውስጥ አለ።

ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1969፣ ከሳን ፍራንሲስኮ የተነሣው ግሬትፉል ዴድ የተባለው የሳይኬደሊክ ሮክ ባንድ በመድረክ ላይ ያሰማውን ጨዋታ ዐሥራ ስድስት መስመር ባለው መቅረጫ አስቀርጾ በሸክላ አሳትሞ ነበር። የአዲስ አበባዎቹ እንዲህ ያለ መሣሪያ አልነበራቸውም። ሆኖም አድማጭ በሁለቱም ዘንድ የሚፈልገው አንድ ነው፤ በአንድ ክፍል የተሰበሰቡ ሙዚቀኞች እርስ በርስ እየተደማመጡ ዜማውን ሲያስረዝሙት መስማት። ልዩነቱ የጊዮኑ ኦርጋን የሚመላለሰው በአገሩ ቅኝት ውስጥ መሆኑ ነው።

ዜማን ማስረዘም በዚያ ዘመን የኑሮ ግዴታም ነበር። ከ1974ቱ ለውጥ በኋላ የሰዓት እላፊ ታውጆ ስለነበር፣ ወደ ክበብ የገባ ሰው የተወሰነው ሰዓት ካለፈበት እስኪነጋ ከዚያው ያድራል። ባንዱም አብሮ ያነጋል። የዘፈን ግጥም በሳንሱር በሚመረመርበት ወቅት፣ ቃል የሌለው ዜማ ለሙዚቀኛው ሰፋ ያለ ሜዳ ሆነለት። ዘፋኙ ይለው የነበረውን ኦርጋኑ አለው፤ አድማጩም ግጥሙን በልቡ ሞላው።

ኃይሉ በሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ አባልም ነበር። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲዘልቅ ከአባላቱ ከፊሎቹ በዚያው ቀሩ። ኃይሉም በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ እየነዳ፣ ደንበኛ በሚጠብቅበት ሰዓት ከመኪናው ውስጥ በሚይዘው ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። «ወደ ሐረር ጉዞ» ግን በካሴት ብቻ ቆይቶ፣ በ2016 አንድ የአሜሪካ አሳታሚ እንደገና ሲያወጣው ለዓለም ተሰማ።

እዚህ ላይ የሚያስደስትም የሚያስቆጭም ነገር አለ። የሚያስደስተው ሥራው መትረፉ ነው። የሚያስቆጨው ደግሞ ከጊዮን እስከ ቦሌ አንድ እርምጃ የሆነው ድምፅ፣ ለአዲሱ ትውልድ ውቅያኖስ ተሻግሮ መመለሱ ነው። የካሴት ክር በዕድሜ ይደክማል፤ ከቅጂ ላይ በተቀዳ ቁጥርም ሹክሹክታው እየበረታ ዜማው እየደበዘዘ ይሄዳል። ሳይቀረጹ ያለፉት ሌሊቶች ተመልሰው አይገኙም። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የቀሩት ካሴቶች ግን ዛሬም ሰብሳቢ እጅ ይጠብቃሉ፤ እነርሱን ማዳን የታሪክ መዝገብን ከእሳት እንደ ማውጣት ይቆጠራል።