ስቴሽን ዋገን በአሰብ መንገድ

ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የወሎ ደጋ ወደ አፋር ቆላ በሚቆለቆልበት ጠርዝ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሰኞ ሰኞ የሚውለው ገበያዋ የአፋርን ግመልና ጨው፣ የኦሮሞና የአማራ ገበሬዎችን እህልና ከብት ሲያገናኝ የኖረ ሲሆን፣ ከመኪና ዘመን በፊት የነበረው ጭነት ሁሉ በግመልና በበቅሎ ጀርባ ይመላለስ ነበር። ጣሪያው እስከ ኋላ ድረስ ሳይቆለመም የሚዘልቅ፣ ከኋላ በሰፊ በር የሚከፈት፣ መቀመጫና የዕቃ ቦታ በአንድ ገላ የያዘው ስቴሽን ዋገን የተባለው የመኪና ዓይነት በዚህ አካባቢ ቦታ ያገኘውም ይህንኑ የሰውና የዕቃ ጥምር ጉዞ ስለተካ ነው። ያም ሆኖ አንድን ያገለገለ የቤተሰብ መኪና ለአሥርተ ዓመታት ጠግኖና ወልውሎ የማቆየት ልማድ እንዴት ሥር እንደሰደደ ለመረዳት፣ ከባለቤቶቹ ትጋት ይልቅ የአሰብ ወደብን መንገድ፣ የቆላውን ሙቀትና የቀረጡን ሕግ መመርመር የተሻለ ፍንጭ ይሰጣል።

መንገዱ የኢጣሊያ ወረራ ዘመን ውጤት ነው። ወራሪው ኃይል ከምፅዋ በተጨማሪ ወደ መሐል አገር የሚያስገባ አጭር የባሕር በር ስላስፈለገው፣ ከአሰብ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ በማቋረጥ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ላይ ከአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ጋር የሚገናኘውን ጎዳና ሠርቶ በ1931 ዓ.ም. ገደማ ለመኪና ክፍት አደረገው። ከነፃነት በኋላ መንገዶቹ በጥገና እጦት እየተጎዱ በመሄዳቸው፣ መንግሥት በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበድሮ፣ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን አቋቋመ። የባቲ ሰው ስለ ሞተር የነበረው ዕውቀት ከቤተሰብ መኪና ቀድሞ ከከባድ ጭነት መኪና የመጣ መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ ከአሰብ ወደብና በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ከተሠራው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ የሚነሡት ቦቴዎችና ኤንትሬ የሚባሉት የፊያት ጭነት መኪናዎች ዳገቱን ከመያዛቸው በፊት ባቲ ላይ ማረፍና ውኃ መሙላት፣ ጎማና ፍሬን መፈተሽ ነበረባቸው።

ከዚህ የጭነት ትራፊክ ጎን የጎሚስታው፣ የላሜራ ሠራተኛውና የመካኒኩ ሙያ አደገ። ትልቁ የሙያ ማዕከል ኮምቦልቻ ሲሆን፣ ባቲና ከሚሴ ቀላሉን ጥገና እየሠሩ ከባዱን ወደዚያ ይልኩ ነበር፤ በአስተዳደር በአንድ ዞን ሥር ያሉት እነዚህ ሁለት ከተሞች በአስፋልት የሚገናኙት በደቡብ ወሎዋ ኮምቦልቻ በኩል በመሆኑ ይህ ዝምድና እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ (በሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚኑን የምታቀጣጥለው የእሳት ብልጭታ ሰጪ)፣ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን)፣ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) የሚሉት የኢጣሊያንኛ ስሞች በጋራዥ ውስጥ የቀሩት፣ ሙያው ከኢጣሊያውያን መካኒኮች በረዳትነት ሲሠሩ ለነበሩ ወጣቶች፣ ከእነርሱም ለተከታዮቻቸው በእጅና በዓይን እየተላለፈ ስለመጣ ነው።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሰውና ዕቃን አንድ ላይ የሚያጓጉዘው ረጅም ገላ ያለው መኪና በገጠሩ በዋናነት ላንድሮቨር፣ በአስፋልቱ ደግሞ እንደ ፔጆ ያለ የአውሮፓ ስሪት ነበር። ፔጆ 404 እ.ኤ.አ. በ1960 ገበያ ላይ ሲውል፣ ብዙም ሳይቆይ በሦስት ረድፍ ወንበር የተሠራ የቤተሰብ ዓይነት ተከተለው፤ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ በማሸነፉ በኮሮኮንች መንገድ ላይ ያለው ጥንካሬ የታወቀ ሆነ። የእርሱ ተከታይ የሆነው የ504 ስቴሽን ዋገን በባለሙያ ዓይን ሲታይ ይበልጥ ትኩረት ይስባል፦ ከአውቶሞቢሉ ይልቅ ገላው የረዘመ ከመሆኑም በላይ፣ በኋላ እግሩ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ጥቅል ሞላዎች ስለተገጠሙለት ሰባት ሰው ጭኖ ከወለሉ ሳይዘቅጥ ይሄዳል። በኢትዮጵያ የፔጆ ፍቅር ጎልቶ የቀረው በሐረር ነው፤ የዚያች ከተማ የ404 ታክሲዎች ከተሠሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ሥራ ላይ ታይተዋል። ሐረር ለጅቡቲ የባቡር መስመር ያላት ቅርበት ለፈረንሳይ መኪና በር ሳይከፍት እንዳልቀረ መገመት ይቻላል፤ በአሰብ መንገድ ላይ ግን ፔጆ እንዲህ ያለ የበላይነት አላገኘም።

በደርግ ዘመን በውጭ ምንዛሪ እጥረትና በመንግሥት ቁጥጥር ምክንያት የግል አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት እጅግ በመጥበቡ፣ ቀድሞ የገባው መኪና ባለበት እያረጀ እንዲያገለግል ተገደደ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ባቲ ከታላላቆቹ የተረጂ መጠለያ ጣቢያዎች አንዷ ስትሆን፣ የእርዳታ ድርጅቶች የተጠቀሙበት ላንድክሩዘር የአካባቢው ሰው ስለ ረጅም መኪና ያለውን ግምት ቀየረው። ዛሬ በኢትዮጵያ «ስቴሽን» ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው ዝቅ ያለው የአውሮፓ የቤተሰብ መኪና ሳይሆን ከፍ ያለው ላንድክሩዘር መሆኑ፣ ከዚህ የእርዳታና የመንግሥት ሥራ ታሪክ ጋር የተያያዘ ይመስላል። ሆኖም ያለቀረጥ የገባ የድርጅት መኪና ወደ ግለሰብ ሲዛወር ቀረጡ መከፈል ስላለበት፣ በጨረታ የሚወጣው ላንድክሩዘር ለመካከለኛ ነጋዴ የሚቀመስ አልነበረም፤ ቦታውን የሞላው ትንሹ ቶዮታ ኮሮላ ነው።

የኮሮላ ነገር በቀረጥ ስሌት ካልታየ አይገባም። ከ1995 ዓ.ም. በኋላ በሥራ ላይ በዋለው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ፣ የሞተር ይዘቱ ከ1,300 ሲሲ ያልበለጠ አውቶሞቢል 30 በመቶ፣ ከ1,301 እስከ 1,800 ሲሲ የሆነ 60 በመቶ፣ ከዚያ የበለጠ ደግሞ 100 በመቶ ይከፍል ነበር። ይህ ታክስ ይሰላ የነበረው 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ በተጨመረበት ዋጋ ላይ ሲሆን፣ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ይህም በተጨመረበት ዋጋ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ፣ በመነሻ ዋጋው ላይ ደግሞ 3 በመቶ ቅድመ ግብር ይደመርበት ነበር፤ ውጤቱም ለትንሹ ሞተር 125 በመቶ፣ ለመካከለኛው 176 በመቶ፣ ለትልቁ 244 በመቶ ያህል ይደርስ ነበር። ሲሲ ማለት በሲሊንደሮቹ ውስጥ ፒስተን የሚያንቀሳቅሰው የአየርና የነዳጅ መጠን በመሆኑ፣ ሕጉ የመኪናውን ምቾት ወይም የመቀመጫ ብዛት ሳይሆን የሞተሩን ሆድ እየለካ ያስከፍል ነበር ማለት ነው። ከ1,300 ሲሲ በታች የሆነው 4ኬ የተባለው የኮሮላ ሞተር 1,290 ሲሲ፣ ከእርሱ በኋላ የመጣው 2ኢ ደግሞ 1,295 ሲሲ ናቸው። ጃፓናዊው መሐንዲስ የኢትዮጵያን ሕግ አስቦ የሠራው አይደለም፤ ነገር ግን በኢትዮጵያ ጥቂት ሲሲ የቤተሰብን መኪና ምርጫ ወሰነ። የ1,971 ሲሲው ፔጆ 504 በዚህ ሚዛን ከላንድክሩዘር ጋር በአንድ እርከን ይመደብ ስለነበር፣ የሚተካው አዲስ መኪና ሳይገባለት ከመንገድ ጠፋ።

ቀረጡ ያስከተለው ሌላ ለውጥ ደግሞ የበለጠ ጥልቀት አለው። ከውጭ የሚገባው መኪና ዋጋ በእጥፍና ከዚያም በላይ ሲንር፣ አስቀድሞ በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪናም ዋጋው አብሮ ወጣ፤ በመሆኑም ዲኤክስ የሚባለው አሮጌ ኮሮላ በሌላው ዓለም ወደ ብረታ ብረት መጣያ በሚላክበት ዕድሜው በኢትዮጵያ እንደ ቤት ወይም እንደ ከብት የሚቆጠር ጥሪት ሆነ። ጥሪት ሲሆን ደግሞ እንክብካቤው ወጪ መሆኑ ቀርቶ ካፒታልን መጠበቂያ ይሆናል። የባቲ ነጋዴ ለአንድ አሮጌ ስቴሽን ዋገን ሞተር ማስወረጃ የሚያወጣው ገንዘብ ለሌላ አገር ሰው እብደት ሊመስል ይችላል፤ በአገሩ ስሌት ግን ፍጹም አመክንዮ ያለው ነው።

እንክብካቤው የአካባቢውን አየር ይከተላል። ከባቲ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ ወደ 500 ሜትር ከፍታ ዝቅ ስለሚል፣ በመልስ ጉዞ ጭነት ይዞ በሙቀት ውስጥ የሚወጣ መኪና ራዲያተሩ ይፈላል፤ በካርቡሬተር በሚሠሩት አሮጌ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ተንኖ ፍሰቱ ስለሚቋረጥ፣ ሹፌሮች በነዳጅ ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ መጠምጠም ይለማመዳሉ። ወደ ቆላ ሲወረድ በፍሬን ብቻ መተማመን ሸራውን ስለሚያቃጥል ማርሽ ቀንሶ በሞተር መያዝ ግድ ነው። በአሮጌው የኮሮላ ስቴሽን ዋገን ላይ የኋላው ሞላ ባሌስትራ፣ ማለትም ተደራራቢ ጠፍጣፋ ብረት በመሆኑ፣ ባለሙያው አንድ ቅጠል ጨምሮ የመሸከም ኃይሉን ከፍ ያደርገዋል፤ ይህም ጭነት ሲኖር የሚጠቅመውን ያህል መኪናው ባዶ ሲሆን ተሳፋሪውን ያንገጫግጨዋል።

ጽዳትና ማስዋብ ከቅንጦት ይልቅ ከዝገት መከላከል ጋር ይቀራረባል። ጨው የባቲ ገበያ የቆየ ሸቀጥ እንደመሆኑ የተጫነበት ወለል ወዲያው ካልታጠበ ላሜራው ይበላል፤ ስለዚህ ከላቫጆ (የመኪና እጥበት ቤት) መልስ የመኪናውን ሆድ በተቃጠለ ዘይት፣ ማለትም ከሞተር በወጣ አሮጌ ዘይት መቀባት የተለመደ ነው። አካባቢን የሚበክል መሆኑ ባይካድም ብረቱን እንደሚያቆይ ሊካድ አይችልም። የበላው ቦታ ሲገኝ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድበትና በስቱኮ ተስተካክሎ ይቀባል። ቀለሙን የሚያደበዝዘው የቆላ ፀሐይ የፊት ለፊት ሰሌዳውንም ስለሚሰነጥቅ ጨርቅ ይለብሳል፤ መቀመጫዎቹ ሽፋን ይደረግላቸዋል። ለሠርግ ሲሆን ደግሞ መኪናው ከጣሪያው ላይ ፖርቶ መጋላው (የዕቃ መጫኛ ፍርግርጉ) ወርዶለት፣ ተወልውሎና በአበባ አጊጦ የሙሽራ አጃቢ ይሆናል።

የሕጉ ሥርዓት ይህን ድርብ አገልግሎት አይወደውም። ኮድ 2 ታርጋ የለጠፈ የግል መኪና በክፍያ ሰው መጫን አይፈቀድለትም፤ ለዚያ ኮድ 1 ወይም ኮድ 3 ያስፈልጋል፤ ነገር ግን በገበያ ቀን ከዘመድና ከጎረቤት መካከል ማን ተሳፋሪ፣ ማን እንግዳ እንደሆነ መለየት ለትራፊክ ፖሊስ ቀላል ሥራ ሆኖ አያውቅም። ባለቤትነቱ በሊብሬ ይረጋገጣል፤ በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ አልፎ ቦሎ መለጠፍ አለበት። ገዢው ብዙውን ጊዜ መካኒክ ይዞ ሄዶ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክራል፤ ስቱኮ የሸፈነውን የአደጋ ጠባሳ ለማወቅም ላሜራውን በጣቱ እያንኳኳ ድምፁን ያዳምጣል።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲቀሰቀስ የአሰብ መስመር ተዘጋ፤ ትራፊኩ በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ በመዞሩ ባቲ መተላለፊያነቷን ሙሉ በሙሉ ባታጣም፣ የወደቡ ንግድ ያመጣው ሞቅታ ቀነሰ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዲስ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ደግሞ በዕድሜ የገፋ መኪና ላይ ከባድ ተጨማሪ ታክስ በመጣሉ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አጠበበ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። በዚህ ምክንያት የአሮጌዎቹ ኮሮላዎች መለዋወጫ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከሚገኘው ዕቃ ባሻገር በአብዛኛው ከሌሎች አሮጌ ኮሮላዎች የሚመጣ ሆኗል፤ ሊጠገን የማይችለው አንዱ መኪና ፈርሶ ሞተሩ ለአንዱ፣ በሩ ለሌላው፣ መስታወቱ ለሦስተኛው ይሸጣል፤ ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥርና ሊብሬው ብቻ ከቀድሞው ባለቤት ጋር ይቀራሉ።