የመሪ አንጓ፦ የባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ታሪክ ከፊት አክስሉ ሲታይ



የባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ታሪክ ዘወትር የሚተረከው በሞተር ጉልበትና በጦር ሜዳ ውሎ ነው። እኔ ግን ታሪኩን በአንዲት መጋጠሚያ በኩል ላሳያችሁ እወዳለሁ፤ ይኸውም የፊት ጎማ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞርበት የመሪ አንጓ ነው።

የኋላ ጎማ ይገፋል እንጂ አይታጠፍም። ከፊት ጎማ መግፋትንም መታጠፍንም በአንድነት ስንጠይቅ፣ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ እየዞረ መታጠፍ ግድ ይሆንበታል። የሆላንዱ ስፓይከር እ.ኤ.አ. በ1903 በአራቱም ጎማ የሚነዳ የእሽቅድምድም መኪና ሠራ። በአሜሪካ፣ ዊስኮንሲን፣ የክሊንተንቪል ነዋሪዎች የነበሩት ኦቶ ዛኮውና ዊልያም ቤሰርዲች ደግሞ መጋጠሚያውን በሉል ቅርጽ ቤት ውስጥ ከተቱት፤ እ.ኤ.አ. በ1908ም የፈጠራ መብት አገኙበት።

ይሁን እንጂ ተራው ክሮቼራ ጉድለት ነበረው። ዘንጎቹ በማዕዘን ሲገናኙ፣ ተቀባዩ ዘንግ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜም ይዘገያል። ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ሲደርስ ፍጥነቱ 15 በመቶ ያህል ከፍ፣ 13 በመቶ ያህል ዝቅ ይላል። በ1920ዎቹ በፈረንሳይ ዣን አልበር ግሬጓርና ፒየር ፌናይ፣ በአሜሪካ አልፍሬድ ርዜፓ፣ ፍጥነትን ሳያዛቡ የሚታጠፉ መጋጠሚያዎችን አበረከቱ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጂፕ የፊት አክስልም በእነዚህ ፈጠራዎች ተጠቀመ።

መፍትሔው ግን አዲስ ግዴታ ይዞ መጣ። የመጋጠሚያው መካከል አንጓው በሚዞርበት መስመር ላይ በትክክል መዋል አለበት። አንጓው የሚዞረው ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ኩሽኔታዎች ነው፤ ከፍታውንና ጥብቀቱን የሚወስኑት በክዳኖቹ ሥር የሚነጠፉ ስስ የብረት ንጣፎች ናቸው። አክስሉን አፍርሶ የሚሠራ መካኒክ በመጀመሪያ አንጓውን መሐል ያስይዛል፤ ቀጥሎ ጥብቀቱን ያስተካክላል። በጂፑ አሠራር ለማጥበቅ ንጣፍ ሲያወጣ ከላይም ከታችም እኩል ያወጣል፤ አለዚያ መሐሉ ይሸሻል። ጥብቀቱን የሚለካው በመሪው ክንድ ጫፍ ባለ ሞላ ሚዛን አንጠልጥሎ በመሳብ ነው። ይህንንም የሚያደርገው የግራሶ መከላከያው ሳይገጠም ነው፤ የመከላከያው ሰበቃ የኩሽኔታው ጥብቀት መስሎ እንዳያታልለው። ከላላ ጎማው ይርገበገባል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ መሪው ወደ ቦታው መመለስ ያቅተዋል፣ ኩሽኔታውም ያለ ጊዜው ይበላል።

እንግዲህ ያች ስስ ንጣፍ ለታሪክ ተመራማሪ ምን ትነግረዋለች? ፋብሪካው እያንዳንዱን ብረት ያለ አንዳች ልዩነት እንዲወጣ ከማድረግ ይልቅ፣ ቀሪውን ልዩነት ለሚገጥመው ሰው ልኬት መተዉን ትነግረዋለች። ብረቱ በተበላ ቁጥር ልኬቱ እንደገና ይጀመራል። ስለዚህ የፈጣሪዎችን ስምና የፈጠራ መብት ዓመታትን ብቻ የሚመዘግብ ታሪክ ግማሽ ታሪክ ነው።

ሌላው ግማሽ በአገራችን ጋራዦች ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሚመረተው ባለ 70 ተከታታዩ ላንድ ክሩዘር የተሸፈነውን የሉል አንጓ ይዞ ዘልቋል። የእኛ መካኒኮች ሲጠግኑት ኩሽኔታ፣ ክሮቼራ፣ ግራሶ፣ ሞላ ይላሉ፤ ቃላቱ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ዕውቀቱ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከአፍ ወደ አፍ ስለመተላለፉ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም። ይህን ቃላዊ መዝገብ ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ መጻፍ የእናንተ የተማሪዎች ፋንታ ነው።