ሞተርን የሚገራው መሣሪያ፤ የኃይል ኤሌክትሮኒክስ ምርምር የት ደርሷል?

በብዙ ከተሞቻችን የእህል ወፍጮ ሲነሳ የአካባቢው መብራት ለቅጽበት ደብዘዝ ብሎ ይመለሳል። የተለመደ በመሆኑ ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ምክንያቱ ሞተሩ ከቆመበት ሲነሳ የሚወስደው ኮረንቲ ነው። በቀጥታ ከመስመር ጋር የተገናኘ ባለሦስት ፌዝ ሞተር ለመነሳት ብቻ፣ በሙሉ ጭነት ሲሠራ ከሚወስደው ከአምስት እስከ ስምንት እጥፍ የሚደርስ ኮረንቲ ይስባል። ለዚህ የተለመደው መላ ስታር ዴልታ የሚባለው የማስነሻ ዘዴ ነው። ዘዴው የመነሻውን ኮረንቲ ወደ አንድ ሦስተኛ ያወርደዋል፤ ነገር ግን የሞተሩን የመነሻ ጉልበትም በዚያው ልክ ይቀንስበታል። የተሻለው መላ በመስመሩና በሞተሩ መካከል ገብቶ ኤሌክትሪኩን እንደሚፈለገው ቀርጾ የሚያቀርብ መሣሪያ ነው። ኢንቨርተር ይባላል፤ በፋብሪካዎች ዘንድ ደግሞ ድራይቭ። ከፋብሪካ እስከ ኤሌክትሪክ መኪና ድረስ ያለው የሞተር ለውጥ በአመዛኙ የመጣው በሞተሩ ሳይሆን በዚህ መሣሪያ ነው።

ሞተሩማ ከጥንቱ ብዙም አልራቀም። ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1888 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘበት የኢንዳክሽን ሞተር በመሠረተ ሐሳቡ ዛሬም ያው ነው። በቋሚው ክፍል ላይ የተጠቀለሉት ሽቦዎች የሚዞር መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራሉ፤ ተሽከርካሪው ክፍል ደግሞ ያንን መስክ ይከተላል። መስኩ የሚዞርበት ፍጥነት በኤሌክትሪኩ ድግግሞሽና በሞተሩ የዋልታዎች ቁጥር ይወሰናል። የሀገራችን መስመር 50 ኸርዝ በመሆኑ በባለአራት ዋልታ ሞተር ውስጥ መስኩ በደቂቃ 1 ሺህ 500 ጊዜ ይዞራል፤ ሞተሩም ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይሽከረከራል። ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ለጥገናም አያስቸግርም። ትልቁ እንከኑ ፍጥነቱን የሚወስንለት ባለቤቱ ሳይሆን ኃይል ማመንጫው መሆኑ ነው።

ይህ እንከን ምን ያህል እንደሚያስወጣ በውኃ ፓምፕ ላይ በግልጽ ይታያል። የሚፈለገው ውኃ ሲቀንስ ሞተሩን በሙሉ ፍጥነት እያዞሩ ቫልቩን ማጥበብ የቆየ አሠራር ነው። በዚህ ጊዜ ኃይሉ በጠበበው መተላለፊያ ላይ በከንቱ ይባክናል። በአንጻሩ የፓምፑን ፍጥነት መቀነስ ቢቻል የሚፈጀው ኃይል ከፍጥነቱ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ይወርዳል። ፍጥነቱ ወደ 80 በመቶ ዝቅ ሲል፣ 0.8 በራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ፣ የሚያስፈልገው ኃይል ወደ 51 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ውኃው ወደ ከፍታ የሚገፋ ከሆነ ቁጠባው ከዚህ ያንሳል፤ ቢሆንም ከፍተኛ ነው። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት፣ በዓለም ላይ ጥቅም ላይ ከሚውለው ኤሌክትሪክ ከ43 እስከ 46 በመቶ የሚሆነውን በሞተር የሚንቀሳቀሱ መሣሪያዎች እንደሚወስዱት ገምቷል። ስለዚህ የሞተርን ፍጥነት መግራት ለአንድ ፋብሪካ የወጪ ጉዳይ፣ ለአንድ ሀገር ደግሞ የኃይል አቅርቦት ጉዳይ ነው።

ድራይቩ ሥራውን የሚያከናውነው በሁለት እርከን ነው። በመጀመሪያ ከመስመር የመጣውን ተለዋዋጭ ኮረንቲ ወደ ቀጥተኛ ኮረንቲ ለውጦ በካፓሲተር ያረጋጋዋል። ከዚያም ስድስት የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያና ማጥፊያዎች ይህንን ቀጥተኛ ኮረንቲ በሰከንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየከፈቱና እየዘጉ ወደ ሞተሩ ይልኩታል። በአንዱ ቅጽበት ማብሪያው ረዘም ላለ ጊዜ፣ በሌላው አጠር ላለ ጊዜ ክፍት ይሆናል። የሞተሩ ጥቅልል ሽቦ ድንገተኛ የኮረንቲ ለውጥን ስለሚቃወም እነዚያ የተቆራረጡ ምቶች በሞተሩ ውስጥ ተስማምተው ለስላሳ ሞገድ ይሆናሉ። የሞገዱ ድግግሞሽ 5 ኸርዝም ይሁን 80 ኸርዝ፣ መወሰን የሚችለው ተጠቃሚው ነው። ሞተሩ ከዝቅተኛ ድግግሞሽ ተነስቶ ቀስ በቀስ ፍጥነት ስለሚጨምርም ወፍጮው ሲነሳ የጎረቤት መብራት አይደበዝዝም።

የዚህ ሁሉ ልብ ማብሪያና ማጥፊያው ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1957 ያስተዋወቀው ታይሪስተር ከፍተኛ ኃይልን በትንሽ ምልክት ለመክፈት አስቻለ፤ ነገር ግን ከተከፈተ በኋላ በቀላሉ አይዘጋም። ይህ ማለት ታይሪስተር ጊዜው አልፎበታል ማለት አይደለም። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው ባለ500 ኪሎ ቮልት የቀጥተኛ ኮረንቲ መስመር ጫፎቹ ላይ ኃይሉን የሚለውጡት ታይሪስተሮች ናቸው። ለሞተር ቁጥጥር ግን በፍጥነት የሚከፈትም የሚዘጋም መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። ያንን ያመጣው በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ የሕንድ ተወላጁ ጃያንት ባሊጋ ያበለጸገው አይጂቢቲ የተባለ ትራንዚስተር ነው። ዛሬ ከባቡር እስከ ሊፍት የሚሠራው በአብዛኛው በዚህ መሣሪያ ነው።

አይጂቢቲ የሚሠራው ከሲሊከን ነው፤ ሲሊከን ደግሞ ከአቅሙ ዳርቻ ተቃርቧል። ተመራማሪዎች ወደ ሲሊከን ካርባይድ የዞሩት በዚህ ምክንያት ነው። ሲሊከን ካርባይድ ከሲሊከን ጋር ሲነጻጸር አሥር እጥፍ ገደማ የሚበልጥ የኤሌክትሪክ መስክ ሳይሰበር ይሸከማል። ስለሆነም ያንኑ ቮልቴጅ ለመቋቋም የሚያስፈልገው ንጣፍ እጅግ ስስ ይሆናል፤ ንጣፉ ስስ ሲሆን ኮረንቲው የሚያልፍበት መንገድ ያጥራል፤ የሚባክነው ሙቀትም ይቀንሳል። የመጀመሪያው የሲሊከን ካርባይድ ሞስፌት ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ቴስላ ሞዴል 3 በተባለችው መኪናው ከተጠቀመበት በኋላ ፉክክሩ ጦፈ። ጥቅሙን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። 100 ኪሎ ዋት የሚያስተላልፍ ኢንቨርተር ብቃቱ ከ97 ወደ 99 በመቶ ቢያድግ ጭማሪው ሁለት ነጥብ ብቻ ይመስላል። በሙቀት መልክ የሚባክነው ግን ከ3 ኪሎ ዋት ወደ 1 ኪሎ ዋት ወርዷል ማለት ነው። ማቀዝቀዣው ያንሳል፤ ሳጥኑ ይቀላል፤ ባትሪውም ረዘም ያለ መንገድ ያስኬዳል።

ፍጥነቱ ግን ዋጋ አለው፤ የምርምሩ ዋነኛ ትግልም ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ማብሪያው በናኖ ሰከንዶች ሲከፈትና ሲዘጋ ቮልቴጁ እንደ ገደል ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ይወርዳል። በረጅም ገመድ መጨረሻ ላይ ያለ ሞተር ይህን ምት ሲቀበል የመጀመሪያዎቹ የጥቅልል ዙሮች ከታሰበላቸው በላይ ቮልቴጅ ስለሚያርፍባቸው መከለያቸው ቀስ በቀስ ይበሳል። ከፊሉ ኮረንቲ ደግሞ በዘንጉ በኩል አልፎ ኩሽኔቱን ይበላዋል። ለመስመር ብቻ የተሠራና ደግሞ ደጋግሞ የተጠቀለለ አሮጌ ሞተር ከአዲስ ድራይቭ ጋር ሲገናኝ በአጭር ጊዜ የሚቃጠለው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ሞተሩን የጠቀለለውን ባለሙያ ከመውቀስ በፊት በድራይቩና በሞተሩ መካከል ማጣሪያ ተገጥሞ እንደሆነ፣ የገመዱም ርዝመት ምን ያህል እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ከዚህም ሌላ የአጭር ዙር አደጋ ሲደርስ አይጂቢቲ ወደ 10 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ መታገሥ ሲችል፣ የሲሊከን ካርባይድ መሣሪያ ትዕግሥት ከሁለት እስከ ሦስት ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው። የመከላከያው ዑደት በዚያች ቅጽበት ውስጥ አደጋውን ለይቶ መዝጋት አለበት።

ጥሩ ማብሪያ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ መቼ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ የሚወስን ስሌት ያስፈልጋል። ቀጥተኛ ኮረንቲ ሞተር ድሮ የሚወደደው መስኩን የሚፈጥረውና ጉልበቱን የሚፈጥረው ኮረንቲ በተለያዩ ሽቦዎች ስለሚያልፉ አንዱን ሳይነኩ ሌላውን ማዘዝ ስለሚቻል ነበር። በኢንዳክሽን ሞተር ውስጥ ግን ሁለቱ በአንድ ሽቦ ውስጥ ተቀላቅለው ይፈስሳሉ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ ሐሰና ብላሽከ የተባሉ መሐንዲሶች የተቀላቀለውን በስሌት የሚለይ ዘዴ አቀረቡ። ሐሳቡ በሥዕላዊ አገላለጽ ቀላል ነው። ስሌቱን የሚሠራው በሚዞረው መስክ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ሆኖ ነው። ከዚያ ሆነው ሲመለከቱ ተለዋዋጩ ኮረንቲ የቆመ ይመስላል፤ አንዱ ክፍል የመስኩ፣ ሌላው የጉልበቱ ሆኖ ይለያል። ዘዴው በስፋት ሥራ ላይ የዋለው ግን ማይክሮ ፕሮሰሰር ሲረክስ ነው። ጃፓናውያኑ ታካሃሺና ኖጉቺ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙት ሌላው ዘዴ ደግሞ የማዞር ጉልበቱን በቀጥታ ይቆጣጠራል።

በአሁኑ ወቅት ተመራማሪዎችን በብዛት የሳበው ትንበያን መሠረት ያደረገ ቁጥጥር ነው። ስድስት ማብሪያዎች ያሉት ተራ ኢንቨርተር ሊይዛቸው የሚችላቸው የአከፋፈት ዓይነቶች ስምንት ብቻ ናቸው። ፕሮሰሰሩ በየጥቂት አሥር ማይክሮ ሰከንዶች የእያንዳንዱን ውጤት አስቀድሞ አስልቶ የተሻለውን ይመርጣል። ዘዴው ግልጽና ለማስረዳት የሚመች ነው፤ ሆኖም የሞተሩ ባሕርይ በሙቀትና በእርጅና ሲለወጥ ትንበያው ይሳሳታል። ሌላው የምርምር መስክ የተሽከርካሪውን ክፍል አቀማመጥ ያለ መለኪያ ማወቅ ነው። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ራሱ የሚያመነጨው ቮልቴጅ አቀማመጡን ይናገራል፤ ሲቆም ግን ዝም ይላል። ለዚያ ጊዜ ተመራማሪዎች ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው አነስተኛ ምልክት ወደ ሞተሩ ልከው ከሚመለሰው ኮረንቲ ያነቡታል። የሚበላሽ አንድ ዕቃ ቀነሰ ማለት ነው።

ይህ ዕውቀት ለኢትዮጵያ ከሩቅ የሚሰማ ወሬ አይደለም። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ከተገለጸ ወዲህ በየመንገዱ ኤሌክትሪክ መኪና በርክቷል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ እናስብ። ቁልቁለቱ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ነው። 1 ሺህ 800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1 ሺህ ሜትር ሲወርድ ከከፍታው የሚለቀቀው ኃይል 4.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። በነዳጅ መኪና ይህ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በኤሌክትሪክ መኪና ግን ኢንቨርተሩ ሞተሩን ወደ ጄነሬተርነት ለውጦ ከአየርና ከጎማ ሰበቃ የተረፈውን ጥሩ ድርሻ ወደ ባትሪው ይመልሳል። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ጎሐ ጽዮን ላይ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልቶ ቁልቁለቱን የሚጀምር አሽከርካሪ የሚመለሰውን ኃይል የሚያኖርበት ቦታ የለውም። መኪናው በሞተር የመያዝ አቅሙን ይቀንሳል፤ ሸክሙ ሁሉ ወደ ተለመደው ፍሬን ይዞራል። ከመውረድ በፊት ባትሪውን ጎደል አድርጎ መተው ይመረጣል።

ደጋነታችንም የራሱን ሒሳብ ይጠይቃል። አየር በከፍታ ቦታ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ በደንብ አያቀዘቅዝም፤ ቮልቴጅን የመከለል አቅሙም ያንሳል። በዚህ ምክንያት አምራቾች የድራይቭን አቅም የሚገልጹት እስከ 1 ሺህ ሜትር ከፍታ ድረስ ነው። ከዚያ በላይ የተለመደው ስሌት በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ መቀነስ ነው። የደብረ ብርሃን ከፍታ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ 100 አምፔር ተብሎ የተገዛ ድራይቭ እዚያ ሲተከል እንደ 82 አምፔር መቆጠር አለበት። በጨረታ ሰነድ ላይ የተከላው ቦታ ከፍታ ካልተጻፈ ፋብሪካው ሳያውቀው ያነሰ መሣሪያ ይገዛል፤ በሞቃት ወራትም ድራይቩ በየጊዜው ራሱን እያጠፋ ያስቸግራል።

ከዚህ የሚገርመው ደግሞ ከጠፈር የሚመጣው ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ መሐንዲሶች ከፍተኛ ቮልቴጅ ተሸካሚ ሴሚኮንዳክተሮች ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሲፈነዱ ግራ ተጋብተው ነበር። መሣሪያዎቹን ወደ ጨው ማዕድን ጉድጓድ አውርደው ሲሞክሯቸው ፍንዳታው ጠፋ። ጥፋተኛው የጠፈር ጨረር ከባቢ አየርን ሲመታ የሚፈጠረው የኒውትሮን ውርጅብኝ ሆኖ ተገኘ። ውርጅብኙ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይበረታል፤ አደጋው ደግሞ መሣሪያው ከአቅሙ ዳርቻ አጠገብ ባለ ቮልቴጅ ሲሠራ እጅግ ይጨምራል። ለከፍታ የሚነድፍ መሐንዲስ በቮልቴጅ በኩል ሰፊ ትርፍ የሚተወው ለዚህ ነው።

የጥገናው ጉዳይ ከሁሉም ቅርብ ነው። በድራይቭ ውስጥ ቀድመው ከሚያረጁት ዕቃዎች ማራገቢያውና ካፓሲተሩ ይገኙበታል፤ ኤሌክትሮላይቲክ የሚባለው ካፓሲተር በሚሠራበት ሙቀት ላይ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨመር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። አቧራ የዘጋውን ማራገቢያ ማጽዳት ከብዙ ወጪ ያድናል። መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ መለዋወጫ ድራይቭም ሳይሠራ ያረጃል። ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ በካፓሲተሩ ውስጥ ያለው የመከለያ ንጣፍ ስለሚዳከም፣ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ቮልቴጁን ቀስ በቀስ እያሳደጉ ማነቃቃት ያስፈልጋል፤ በአንድ ጊዜ ሙሉ ኃይል የሚሰጠው ሰው አዲሱን ዕቃ በእጁ ሊያፈነዳው ይችላል። ማንኛውም ባለሙያ መስመሩን ካቋረጠ በኋላም ቢያንስ አምስት ደቂቃ ወይም በመሣሪያው ላይ የተጻፈውን ያህል መጠበቅ፣ ከዚያም በሜትር መለካት አለበት። ማብሪያው ጠፍቶ፣ መብራቱም ጨልሞ ሳለ በካፓሲተሩ ውስጥ የቀረው ቮልቴጅ ሰው ይገድላል።