ሞተር፣ ባጃጅ፣ ራክሻ፦ ትንሿ ሞተር ወደ እኛ የመጣችበት መንገድ

ከመተማ ወደ ገላባት ስትሻገሩ ባለሦስት እግሯ ስሟን ትለውጣለች። ከወዲህ ባጃጅ የነበረችው ከወዲያ ራክሻ ትባላለች። ባጃጅ የአንድ ህንዳዊ ቤተሰብ ስም ነው፤ ራክሻ ደግሞ ጃፓኖች ሰው ለሚጎትተው ጋሪ ካወጡት ስም የመጣ ነው። ባለሁለት እግሯ ግን ድንበር ስታልፍ ስሟን አትቀይርም። እኛም ሞተር እንላለን፣ ሱዳኖቹም ሞተር ይላሉ። ጀብራ ስንኖር አንዷን ወይ ሌላዋን ሳንፈልግ የዋልንበት ቀን ጥቂት ነው። ከየት እንደመጡና ሰው ለምን እንደወደዳቸው ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው ጦርነት ያደኸየው አገር ነው። ጣልያን ውስጥ ፒያጆ የተባለው ኩባንያ የአውሮፕላን ፋብሪካው በቦምብ ፈርሶበት፣ ሕዝቡም መኪና መግዣ አጥቶ ሳለ፣ በ1946 ቬስፓን አወጣ፤ 98 ሲሲ ብቻ። ቬስፓ በቋንቋቸው ተርብ ማለት ነው። በ1948 ዕቃ የምትጭን ባለሦስት እግር ጨመረና አፔ አላት፣ ንብ ማለት ነው። የራክሻችን አያት እሷ ነች። የህንዱ ባጃጅ በ1960 ገደማ ከፒያጆ ፈቃድ አግኝቶ ስኩተሩንም ባለሦስት እግሯንም አገሩ ላይ መሥራት ጀመረ፤ ቀሪውን ታውቁታላችሁ።

በጃፓን ደግሞ ሶይቺሮ ሆንዳና ሸሪኩ ታኬዎ ፉጂሳዋ በ1958 ሱፐር ካብን ለገበያ አቀረቡ። 50 ሲሲ፣ 4.5 የፈረስ ጉልበት። ሆንዳ የብረት ሰው ነበር፤ ፉጂሳዋ ግን የሽያጭና የገንዘብ ሰው ነው፣ እኔም የማደላው ለእሱ ነው። የታሰበው ገዢ ከምግብ ቤት ትሪ በአንድ እጁ ይዞ በሌላው እጁ እየነዳ ምሳ የሚያደርስ ልጅ ነበር። ስለዚህ የፍሪሲዮን እጀታ አልተደረገላትም፤ ማርሹን እግር ይቀይረዋል። ከመቀመጫው ፊት ክፍት ስለሆነ ቀሚስ የለበሰች ሴትም እግሯን ሳትሰቅል ትቀመጥባታለች። (ካርቱም ውስጥ ሴት ሞተር ስትነዳ ያየሁት ግን በጣት የሚቆጠር ነው።) በ2017 የተመረቱት 100 ሚሊዮን ሞሉ።

ለእኛ አካባቢ ከሁሉም በላይ የሠራችው ግን ሆንዳ በ1976 ለታዳጊ አገሮች ብሎ ያወጣት ሲጂ 125 ትመስለኛለች። ኩባንያው በእነዚህ አገሮች ሞተር እንዴት እንደሚያዝ አይቶ ነበር፦ ከአቅም በላይ ይጫናል፣ ዘይቱ ሳይቀየር ይከርማል፣ መንገድ ላይ እስኪቆም ድረስ ጋራዥ አይገባም። ስለዚህ በየጊዜው መወጠር የሚፈልገውን የውስጥ ካቴና ትቶ ቫልቮቹን በብረት ዘንግ ወደሚገፋው አሮጌ አሠራር ተመለሰ። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ቢረሱት ግን ይታገሣል። ከዚያ ቻይናዎቹ ይህንኑ ሞተር ቀድተው፣ ስም እየለዋወጡ፣ በርካሽ ዓለምን አዳረሱት። ሰው «የቻይና ዕቃ» ብሎ ሲስቅ እሰማለሁ። መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ግን አይስቅም። ታንኩ ላይ የተለጠፈው ስም ምንም ይሁን ምን፣ ብዙው ዕቃ ከአንዷ ወጥቶ ለሌላዋ ይገጥማል፤ የሠፈር መካኒክም አንዷን ካወቀ ሌሎቹን አወቀ ማለት ነው።

ካርቱም ላይ ሰውን ወደ ትንሿ ሞተር የገፋው ደግሞ የቤንዚን ዋጋ ነው። በ2011 ደቡብ ሱዳን ስትገነጠል ሱዳን ከነዳጅ ምርቷ ሦስት አራተኛውን ያህል አጣች። በሴፕቴምበር 2013 ድጎማ ሲቀነስ ከተማው በተቃውሞ ታመሰ፣ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በጁን 2021 የቤንዚን ድጎማ ሲነሳ ሊትሩ ከ150 ወደ 290 የሱዳን ፓውንድ ዘለለ።

ዲፕሎማዬ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል? እናስላው። 150 ሲሲ ሞተር ለ100 ኪሎ ሜትር 2.5 ሊትር፣ ትንሽ መኪና 8 ሊትር ይፈጃሉ እንበል። በድሮው ዋጋ ሞተሯ 375፣ መኪናዋ 1,200 ፓውንድ ትጠጣለች፤ ልዩነቱ 825። በአዲሱ ሞተሯ 725፣ መኪናዋ 2,320፤ ልዩነቱ 1,595 ሆነ። ቤንዚን ሲወደድ ባለሞተሩም ይጎዳል፤ ከባለመኪናው ጋር ሲተያይ ግን የሚተርፈው ይበዛል። ዕቃ የሚያመላልስ ሰው ይህን ያለ እርሳስ ያውቀዋል።

ራክሻ ለሴቶቻችን የነበራት ጥቅም ከዚህም ያልፋል። ጎህ ሳይቀድ ምድጃዋን፣ ከሰሏን፣ በርጩማዎቿንና ጀበናዋን ይዛ ለሻይና ለቡና ሽያጭ የምትወጣ ሴት አውቶቡስ አያሳፍራትም። ራክሻ ግን በሯ ድረስ ትመጣለች፤ ሾፌሩም ከቀን ብዛት ደንበኛ ይሆናል፣ «ነገ እከፍልሃለሁ» ይባላል።

ርካሽነቷ ሌባንም ጠቅሟል። ካርቱም ውስጥ በሞተር እየበረሩ ቦርሳና ስልክ የሚነጥቁት «ትስዓ ጠዊላ» ተብለው ስማቸው ገነነ፤ ረጅም ዘጠኝ ማለት ነው። አዲስ አበባም በዚሁ ዓይነት ንጥቂያ ምክንያት በጁላይ 2019 ልዩ ፈቃድ ካላቸው በቀር ሞተሮችን ከመንገድ አገደች። የተነጠቀች ሴት እንባ አይቻለሁ፤ እገዳውን የደገፈን ሰው አልቀየምም። ነገር ግን ነጣቂው ሞተሩን ትቶ ሌላ መላ ሲፈልግ፣ ሠርቶ አደሩ ምን ይበላል? ሞተር የሚገዛው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው በዕቁብ ነው፤ ሱዳኖቹ ሰንዱቅ የሚሉት። ዕቁቡ ቀድሞ ደርሶት ሞተሯን ገዝቶ፣ ገና ወራት የሚከፍለው እያለ ሥራው በአዋጅ ይቆማል። ዕዳው ግን አይቆምም። ይህን ሒሳብ የከለከሉት ሰዎች አስልተውት እንደሆነ እንጃ።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲጀመር ጀብራ ለሸጀራው የብረት ለበስ ጦር ካምፕ ቅርብ ስለሆነች ክፉኛ ተመታች። ብዙዎቻችን የቻልነውን አንጠልጥለን ወጣን። ከካርቱም እጅግ ብዙ ተሽከርካሪ ተዘረፈ፤ ድንበር ተሻግሮ የተሸጠም አለ። ሠራዊቱ በማርች 2025 ከተማዋን መልሶ ከያዘ ወዲህ የሚመለስ ሰው አለ፤ ንግዱም ቀስ እያለ ይነቃነቃል። እናም ያገለገለ ሞተር ወይም ራክሻ ከገበያው ዋጋ ወርዶ ሲቀርብላችሁ የሻንሲ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ፤ ወረቀት የለም ከተባላችሁ ተዉት። ባለቤቱ የእኛው ሠፈር ልጅ ሊሆን ይችላል፣ ዕቁቡን ገና ከፍሎ ያልጨረሰ።